የመኖ ሣር መቼ ይታጨድ?
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በሐዋሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የሲዳማ ቀበሌዎች የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት የሚያልፉት በአብዛኛው በድርቆሽ፣ በሰብል ተረፈ ምርትና በእንሰት ቅጠል ነው። ድርቆሹ ተከምሮ ሳለ ላሚቱ ወተት ስትቀንስ፣ ጥጃዋም ስትከሳ ይታያል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የድርቆሹ ማነስ ሳይሆን ሣሩ የታጨደበት ጊዜ መዘግየት ነው።

ሣር ሲያረጅ ምን ይሆናል?

ለጋ ሣር ቅጠሉ የበዛ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ በቀላሉ የሚፈጭ ነው። ዛላ አውጥቶ ዘር ሲይዝ ግን አገዳው ይጠነክራል፣ አሰሩ ይጨምራል፣ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል። በላም ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ነፍሳት በደንብ እንዲሠሩ የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ሲያንስ መኖው በጨጓራ ይቆያል፤ ላሚቱም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ማሳ በጊዜው ቢታጨድ ፕሮቲኑ ከመቶ 9 እጅ የሆነ 30 ኩንታል ድርቆሽ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከመቶ 5 እጅ የሆነ 40 ኩንታል ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው 270 ኪሎ፣ ሁለተኛው 200 ኪሎ ፕሮቲን ይይዛል። ስለዚህ ትልቁ ክምር የተሻለ መኖ ነው ማለት አይደለም።

የማጨጃው ምልክት

1. የሮደስ ሣርና የግጦሽ ሣር ለድርቆሽ የሚታጨዱት ዛላ አውጥተው ማበብ ሲጀምሩ ነው። ዘሩ እስኪበስል አይጠበቅም።
2. የዝሆን ሣር ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ሲደርስ ለእርጥብ መኖ ይታጨዳል። በዝናብ ወራት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ይደርሳል።
3. ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋው ደሾ ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታጨድ ይችላል። አገዳው ሳይጠነክር መታጨድ ይኖርበታል።

ሥሩ እንዳይጎዳና ቶሎ እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማጨድ ይገባል።

ዝናቡ ሳያባራስ?

ገበሬው እስከ ኅዳር የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የክረምቱ ዝናብ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሣሩ በሚያብብበት ጊዜ የታጨደው ዝናብ ሊመታው ይችላል። በመሆኑም የሚከተለው ይመከራል፦

ሀ) ማሳውን በአንድ ቀን ከማጨድ ይልቅ በየተራ ከፋፍሎ ማጨድ፤
ለ) ቀድሞ የደረሰውን በእርጥቡ መመገብ ወይም ቆራርጦ፣ ጠቅጥቆና አየር እንዳይገባ ዘግቶ ገፈራ ማዘጋጀት፤
ሐ) ለድርቆሽ የታጨደውን በእንጨት መደርደሪያ ላይ ማድረቅ፤ መሬት ላይ ከተሰጣ ቅጠሉ እንዳይረግፍ ጠዋት ጠዋት ማገላበጥ፤
መ) አገዳው በጥፍር ሲፋቅ እርጥበት የማያሳይ ሲሆን ብቻ መከመርና ከዝናብና ከኃይለኛ ፀሐይ በዳስ መከለል። እርጥቡ የተከመረ ይግላል፣ ይሻግታል።

ለማኅበራት

ድርቆሽ በክብደት ብቻ ከተገዛ አባላት ሣሩን ማስረጀታቸው አይቀርም። ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ አረንጓዴነቱ፣ የቅጠሉ ብዛትና ሽታው ታይቶ በደረጃ ይከፈል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ማሳዎቹን በየሳምንቱ እየጎበኘ ዛላ መውጣት እንደጀመረ ለአባላት ያሳውቅ። በዚያ ሳምንት ማጭድ፣ መደርደሪያና ዳስ ተዘጋጅተው ከተገኙ፣ በየካቲት ላሚቱ የምትበላው መኖ የሚጠቅማት ይሆናል።