ድንበሩ ተዘግቶ ደኑ ክፍት የሆነበት የፊንላንድ የሐይቆች ምድር ለጎብኝዎች ምን አለው?

በሐምሌ ወር በምሥራቅ ፊንላንድ ቶሎ አይመሽም። ሳቮንሊና በተባለችው ከተማ፣ በሐይቅ መካከል በቆመ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ኦፔራ ሲያዳምጡ ያመሹ ሰዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ድልድዩን ተሻግረው ሲመለሱ ሰማዩ ገና ብርሃን ነው።

ግንቡ ግን ለሙዚቃ የተሠራ አልነበረም። ኦላቪንሊና የሚባለው ይህ ምሽግ በአውሮፓውያኑ 1475 መገንባት የጀመረው ከምሥራቅ የሚመጣን ጦር ለመመከት ነው። በዚያን ጊዜ ፊንላንድ የስዊድን መንግሥት አካል ስትሆን፣ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ኃይሏ እየጎለበተ የመጣችው ሞስኮ ነበረች።

ከ500 ዓመታት በኋላም አካባቢው የድንበር ምድር ነው። ፊንላንድን ከሩሲያ ጋር የሚያገናኙት የየብስ መተላለፊያዎች ከ2023 መገባደጃ ወዲህ ለተጓዦች ዝግ ሆነዋል። በአንጻሩ የሐይቁ ዳርቻና ደኑ፣ ከየትም ለመጣ እንግዳ ክፍት ናቸው። የሳይማ ሐይቅ አካባቢ ለጎብኝ የሚያቀርበው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት እውነታዎች መካከል ይገኛል።

የበረዶ ግግር ትቶት የሄደው ውሃ

ፊንላንድ ወደ 188 ሺህ የሚጠጉ ሐይቆች አሏት፤ በዚህ ቆጠራ ትናንሽ ኩሬዎችም ይካተታሉ። ከሁሉም የሚሰፋው ሳይማ ሲሆን 4 ሺህ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለንጽጽር ያህል የጣና ሐይቅ ስፋት 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ግን ስፋታቸው ብቻ አይደለም። ጣና በአብዛኛው ገላጣ የሆነ አንድ ሰፊ ውሃ ነው። ሳይማ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ የብዙ ሐይቆች መረብ ሲሆን፣ በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች ተበትነዋል። በዚህም ምክንያት በጀልባ የሚጓዝ ሰው በአንዱ ደሴት ሲታጠፍ ሌላ ደሴት ይገጥመዋል፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳርቻ የሚያይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው።

ይህን መልክ የሰጠው ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት እየቀለጠ ወደ ሰሜን ያፈገፈገው ግዙፍ የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ዓለቱን ፍቆ ጎድጓዳ ስፍራዎችን ትቷል። ከሥሩ ይፈሱ የነበሩ ወንዞች ደግሞ አሸዋና ጠጠር እየከመሩ ረጃጅም ሸንተረሮችን ሠርተዋል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የሚነሳው ፑንካሃርዩ ነው። 7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በጥድ ዛፎች የተሸፈነው ይህ ሸንተረር ግራና ቀኙ ውሃ ነው። በጀርባው ላይ የሚጓዝ ሰው በሐይቁ መካከል የሚራመድ ይመስለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2021 ከሳይማ ሐይቅ አካባቢ የተወሰነውን ክፍል በዓለም አቀፍ የጂኦፓርክ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ከምሽግ ወደ መድረክ

ኦላቪንሊና በ1743 በሩሲያ እጅ ገባ። ከ1809 ጀምሮ ፊንላንድ በሙሉ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ራስ ገዝ ግዛት ስትሆን ምሽጉ የሚጠብቀው ድንበር አልቀረውም። ወታደሮቹም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቀው ወጡ።

ግንቡን ለሙዚቃ ያሰበችው በአውሮፓ ታላላቅ መድረኮች ስሟ የገነነው ፊንላንዳዊቷ ድምፃዊት አይኖ አክቴ ነበረች። የመጀመሪያው የኦፔራ ፌስቲቫል በ1912፣ ማለትም አገሪቱ ነፃነቷን ከማወጇ 5 ዓመታት በፊት ተካሄደ። በጦርነትና በሌሎች ምክንያቶች ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ከ1967 ወዲህ በሐምሌ ወር የሚዘጋጅ ዓመታዊ ዝግጅት ሆኗል።

ከሳቮንሊና ብዙም ሳይርቁ በኬሪማኪ መንደር የሚገኘው ቤተ ክርስቲያንም እንግዳን ያስገርማል። በ1847 የተጠናቀቀው ይህ የእንጨት ሕንፃ ከ3 ሺህ በላይ ምዕመናንን ያስቀምጣል። የእንጨት ሥራ ለለመደው የፊንላንድ ገጠር እንኳ ከልክ ያለፈ ትልቅ ነው።

ፓስፖርት የማይጠይቀው መብት

ከግንቡም ከቤተ ክርስቲያኑም ይልቅ ከሌላ አገር የሚመጣን ሰው የሚያስደንቀው ምናልባት ፊንላንዳውያን ‘የሁሉም ሰው መብት’ የሚሉት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት ማንኛውም ሰው ባለቤት ባለው ደን ውስጥም ቢሆን ሳያስፈቅድ በእግሩ መሄድ፣ መዋኘት፣ በጀልባ መቅዘፍ፣ ለአንድና ለሁለት ሌሊት ድንኳን መትከል ይችላል። የዱር እንጆሪና ብሉቤሪ፣ እንዲሁም እንጉዳይ መልቀምም ይፈቀዳል። በተራ ዘንግና መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ክፍያ አይጠየቅበትም።

መብቱ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለቱሪስቱም፣ ለስደተኛውም፣ ለተማሪውም እኩል ይሠራል። ገደብ ግን አለው። ወደ ሰው ቤትና ግቢ መጠጋት፣ የተዘራ ማሳ መርገጥ፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ወፎች በሚፈለፍሉበት ጊዜ መረበሽ አይፈቀድም። እሳት ለማንደድ የባለይዞታው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሰደድ እሳት ማስጠንቀቂያ ከወጣ ደግሞ በሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ቀሪው የእንግዳ አቀባበል ቀላል ነው። በሐይቁ ዳር የሚከራዩ የእንጨት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ሳውና አላቸው። ሰዎች በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየረጩ በእንፋሎቱ ከሞቁ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ይነከራሉ። በክረምት ሐይቁ ሲረጋም ልማዱ አይቀርም፤ ግግሩ ተፈንቅሎ በተከፈተ ቀዳዳ ገብተው ይወጣሉ። የፊንላንድ የሳውና ባህል በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በማዕድ ላይ ቀዳሚው ‘ሙይኩ’ የተባለው የጣት ያህል የሚሆን ዓሣ ነው። በዱቄት ተለውሶ፣ በቅቤ ተጠብሶ እንዳለ ይበላል። በሳቮንሊና ገበያ ደግሞ ‘ሎርትሲ’ የሚባል፣ በሥጋ ወይም በፖም የተሞላ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥብስ ይሸጣል፤ ሳምቡሳ ለሚያውቅ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም።

በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ኖርፓ

ሳይማ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኝ ነዋሪ አለው። ፊንላንዳውያን ‘ኖርፓ’ ብለው የሚጠሩት ይህ ጡት አጥቢ እንስሳ በቀዝቃዛ ባሕሮች ከሚኖሩት የሲል ዝርያዎች የሚመደብ ነው። የበረዶ ግግሩ ቀልጦ ከክብደቱ የተላቀቀው ምድር ከፍ ሲል ሐይቁ ከባሕር ተለየ፤ የኖርፓ ቅድመ አያቶችም በውስጡ ቀሩ። ከ9 ሺህ ዓመታት በላይ በጨዋማ ሳይሆን በጣፋጭ ውሃ ውስጥ ኖረዋል።

ሰው ግን ለረጅም ጊዜ የዓሣ ተቀናቃኙ አድርጎ ቆጥሮታል። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ኖርፓን ለገደለ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በሕግ የተጠበቀው በ1955 ነው። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ከ200 በታች ነበር፤ ዛሬ ከ400 በላይ ሆኗል። ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ፣ ግልገሎች መዋኘት በሚለምዱበት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ በዋና ዋና መኖሪያዎቹ የዓሣ መረብ መጣል መከልከሉ ነው።

አሁን ያለው ሥጋት ሌላ ነው። እናቲቱ በየካቲትና በመጋቢት የምትወልደው በሐይቁ ዳር ነፋስ በከመረው በረዶ ውስጥ በምትቆፍረው ጎሬ ነው። ጎሬው ግልገሉን ከብርድም ከቀበሮም ይሰውረዋል። የአየር ንብረት እየሞቀ በሄደ ቁጥር ግን በቂ በረዶ የማይወርድባቸው ክረምቶች እየበዙ ነው። በእንዲህ ያሉ ዓመታት በጎ ፈቃደኞች አካፋ ይዘው በግግሩ ላይ ይወጡና በረዶውን በእጃቸው ይከምራሉ። ኖርፓዎችም በእነዚህ ሰው ሠራሽ ክምሮች ውስጥ ይወልዳሉ።

ጎብኝ ኖርፓን የማየት ዕድሉ የሚሰፋው ፀጉሩን ለመቀየር ዓለት ላይ በሚተኛበት በግንቦት ወር ነው። በሊናንሳሪ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ አስጎብኝዎች በጀልባ ይወስዳሉ። በኮሎቬሲ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የሞተር ጀልባ ስለተከለከለ መንገዱ የሚገፋው በመቅዘፊያ ብቻ ነው።

የተዘጋው በር

ከሐይቁ በስተደቡብ የሚገኙት ላፔንራንታና ኢማትራ ለሩሲያ ድንበር ቅርብ ናቸው። የሩሲያ እቴጌ ዳግማዊት ካተሪን የኢማትራን ፏፏቴ ለማየት በ1772 እዚያ ድረስ ተጉዛለች። በእኛ ዘመንም ከሴንት ፒተርስበርግ ለገበያና ለእረፍት የሚመጡ ሩሲያውያን የሁለቱ ከተሞች ዋነኛ ደንበኞች ነበሩ።

ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ከወረረች በኋላ ያ ሁሉ ተቋረጠ። ሄልሲንኪን ከሴንት ፒተርስበርግ የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር በመጋቢት 2022 ቆመ። በ1856 የተከፈተውና ሐይቁን በሩሲያ ግዛት በኩል ከባልቲክ ባሕር የሚያገናኘው የሳይማ ቦይም እንቅስቃሴው ሞተ። በ2023 መገባደጃ ፊንላንድ፣ ሩሲያ ሆን ብላ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ድንበሩ ትልካለች በማለት መተላለፊያዎቹን ዘጋች። ሞስኮ ክሱን አስተባብላለች።

ለሆቴሎች፣ ለሱቆችና ለጀልባ ባለቤቶች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከምሥራቅ ይመጣ የነበረውን እንግዳ በሌላ መተካት አለባቸው። የሳይማ አካባቢ ለ2024 የአውሮፓ የምግብ ጥበብ ክልል ተብሎ መሰየሙ በዚሁ ወቅት የመጣ ዕድል ነበር። ነገር ግን አካባቢው ከሚሸጣቸው ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ጸጥታ ነው፤ ብዙ እንግዳ መሳብና ጸጥታን መጠበቅ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ለመሄድ ለሚያስቡ

ከሄልሲንኪ ላፔንራንታ በባቡር 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደ ሳቮንሊና የሚሄድ መንገደኛ ፓሪካላ ላይ ባቡር ይቀይራል፤ ጉዞውም ከ4 ሰዓት በላይ ነው። ፊንላንድ የሸንገን አባል ስለሆነች፣ በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጉብኝት ተጨማሪ ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ከባሕረ ሰላጤው አገራት፣ ከብሪታኒያ ወይም ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ግን አስቀድመው የሸንገን ቪዛ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

በሐምሌ ኦፔራው ስላለ የሳቮንሊና ማረፊያዎች ቀድመው ይያዛሉ። ጸጥታን የሚሻ ሰው ኖርፓ የሚታይበትን ግንቦትን፣ ወይም እንጉዳይ የሚለቀምበትንና ቅጠሉ የሚቀላበትን መስከረምን ቢመርጥ ይሻለዋል።