የአክሲዮን ማኅበርን ሒሳብ ማን ይጠይቃል?



ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሽያጭ ባቀረበ ጊዜ፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢም 33 አክሲዮን ነበር። ስለዚህ በየካ፣ በኮተቤ መንገድ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 9,900 ብር ከቈጠበ ከባለአክሲዮኖች እንደ አንዱ ለመቈጠር ይችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው፣ በየትኛውም ማኅበር ቢሆን፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ሰነድ ሊያገላብጥ አይችልም። የሚደርሰው የታተመው የሒሳብ መግለጫ ነው። በእርሱ ፋንታ ገብቶ የሚጠይቅለት ማን ነው?

የሒሳብ ቍጥር እንደ ጤፍ ተሰፍሮ የሚገኝ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባንክን እንመልከት። ባንክ ካበደረው ገንዘብ ምን ያህሉ ሳይመለስ እንደሚቀር አስቀድሞ ገምቶ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። ግምቱ ከፍ ሲል የዓመቱ ትርፍ ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲል ትርፉ ያብጣል። ግምቱን የሚያቀርቡት የሥራ መሪዎቹ ናቸው፤ እነርሱም የሚመዘኑት በዚያው ትርፍ ነው። በቦርዱ የተቀመጡት ታላላቅ ባለአክሲዮኖችም የትርፍ ድርሻቸውን ይጠባበቃሉ፤ ተበዳሪው የአንዳቸው ወዳጅ የሆነ እንደ ሆነማ፣ «ይህ ብድር አይመለስም» ለማለት አንደበት ይከብዳል። ነጻ ዲሬክተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይኸውም በማኅበሩ ያልተቀጠረ፣ ከእርሱም ጋር የማይነግድ፣ ከትርፉ ማበጥ የሚያገኘው ጥቅም የሌለ ሰው ነው። ዋናው ሥራው በኦዲት ኮሚቴ ተቀምጦ፣ የሥራ መሪዎቹ በሌሉበት፣ የውጭውን ኦዲተር «ያልተስማማችሁበት ቍጥር የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ዲሬክተር ሊሆን የሚችለው ባለአክሲዮን ብቻ ነው ይል ነበር። የገዛ ንብረቱ ያለበት ሰው ይጠነቀቃል ከሚል አሳብ የመጣ ይመስላል፤ ለጥቂት ሰዎች ማኅበርም የሚነቀፍ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ግን የግል ባንኮች ተፈቅደው ብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖችን ሰበሰቡ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 1243፣ ባለአክሲዮን ላልሆኑ ሰዎች የቦርዱን በር ከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎም አዋጅ ቍጥር 847/2006 የፋይናንስ መግለጫዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲዘጋጁ አዞ ነበር።

በር መከፈቱ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አሳይቷል። በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲወድቅ፣ አብዛኞቹ የቦርዱ አባሎች ከውጭ የመጡ፣ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢም ስመ ጥር የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበሩ። ነገር ግን ከዲሬክተሮቹ አንዳንዶቹ ከኩባንያው የምክር ክፍያ ይቀበሉ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ የኦዲት ኮሚቴ አባል እንዲህ ያለ ክፍያ እንዳይቀበል ከለከለ፤ ኦዲተሩን የመሾምና የመቈጣጠር ሥልጣንንም ለኮሚቴው ሰጠ።

በእኛ አገር እኔን የሚያሠጋኝ ክፍያው ብቻ አይደለም። ነጻ የተባለውን ዲሬክተር የሚመርጡት ብዙ ድምፅ ያላቸው ባለአክሲዮኖች ናቸው። የትምህርት ቤት ጓደኝነት፣ የጋብቻ ዝምድና፣ አበልጅነትስ በየትኛው ቅጽ ይሞላል? ስለዚህ ባለአክሲዮኑ በጠቅላላ ጉባዔ ቀን ከትርፍ ድርሻው አስቀድሞ፣ የኦዲት ኮሚቴው አባሎች እነማን እንደ ሆኑ፣ ማን እንደ ጠቈማቸው፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተሰበሰቡና ኦዲተሩን ለብቻው አነጋግረውት እንደ ሆነ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱም በቃለ ጉባዔው ይጻፍ።