ለየትኛው ሕመም የትኛው ሕክምና?

በሩን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ሦስቴ አራቴ እየተመለሰ የሚፈትሽ ሰው አለ። ሚስቱ «ኧረ ቆልፈኸዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ትለዋለች። ለጊዜው ይረጋጋል፤ ታክሲ ሳይዝ ግን ጥርጣሬው ይመለሳል። ይህ ሰው ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ስለ ልጅነቱ ዓመት ሙሉ ቢያወራ ራሱን በደንብ ያውቅ ይሆናል፤ በሩን መፈተሹን ግን ላይተው ይችላል።

ሳይኮቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ታጋሽ አድማጭ፣ ትንሽ እንባ፣ ማሳረጊያው ምክር። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ፍሮይድ ቪየና ላይ የጀመረው ያለፈ ሕይወትንና የታመቀ ስሜትን ይመረምራል። ሲቢቲ የሚባለውን ደግሞ በፍሮይድ መንገድ ሠልጥኖ የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ ቀመረው፤ ዘዴው አሁን የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ወረቀት ላይ አስፍሮ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ይላል፣ የቤት ሥራም ይሰጣል።

ለበሩ ሰውዬ የሚበጀው ግን እምብዛም የማይወራለት ነው። ሕመሙ ኦሲዲ ይባላል፤ ከመድኃኒት ሌላ በጥናት የተመሰከረለት ዋነኛ ሕክምና ደግሞ የሚፈሩትን መጋፈጥ፣ ፍርሃቱን ለማብረድ የሚደረገውን ግን አለማድረግ ነው። በእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ሳይኮሎጂስት ቪክተር ማየር በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለት ታካሚዎች ጻፈ። አንዷ ቆሻሻ ነካኝ እያለች መታጠብ የማታቆም መምህርት ነበረች። ሆስፒታል ገብታ የክፍሏ ቧንቧ ተዘጋ፣ ሳሙናው ተመጠነ፣ የምትፈራቸውን ዕቃዎችም እንድትነካ ተደረገ። ዛሬ ሥራው የሚሄደው ከታካሚው ጋር በመስማማት፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፦ አንዴ ቆልፎ መሄድ፣ ጭንቀቱ ሲንር ሳይመለሱ መቆየት። ይንራል፤ ከዚያ ሳይፈትሹትም መብረድ ይጀምራል። ሰውየው በቃል ሊያምነው ያልቻለውን በገላው ይማረዋል።

ለቤተሰብ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሚስትየዋ «ይህን ጥያቄ አልመልስልህም» ማለት አለባት። ጎረቤት ቢሰማ «እንዴት አስቻላት?» ይላል። ሐዘንተኛን ማጽናናት ደግ ነው፤ ለኦሲዲ ግን «አይዞህ፣ ቆልፈኸዋል» ማለት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።

የማየር ሁለተኛዋ ታካሚ ከፈቃዷ ውጭ በሚመጣባት አምላክን የሚዳፈር ሐሳብ ትሠቃይ ነበር። በጸሎት መካከል ስድብ የሚመጣበት ምእመን እኛም ጋ አለ፤ ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ለማንም ሳይናገር ዓመታት ይቆያል። ይህም የኦሲዲ መልክ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው። ጠበል መጠመቅ ከሕክምናው አያጣላም፤ ኪኒን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ይጎዳል።

ድባቴ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከአንድ በላይ ዘዴ ይሠራል፣ ከባለሙያው ጋር መግባባትም ትልቅ ድርሻ አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች፣ ሁለት ሳምንት ብቻ የሠለጠኑ ሰዎች ድባቴ ያለባቸውን የመንደሩን ነዋሪዎች በቡድን ሰብስበው ለ16 ሳምንታት ስለ ሐዘን፣ ስለ ጠብና ስለ ኑሮ ለውጥ አወያዩ። የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ በእጅጉ ቀለላቸው።

ስለዚህ ባለሙያ የሚመርጥ ሰው ከዋጋው ቀድሞ ይጠይቅ፦ ለእንዲህ ያለ ችግር የሚጠቀሙበት ዘዴ ምንድን ነው? በየቀጠሮው ምን እንሠራለን? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? «ሁሉንም እሠራለሁ» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ መልስ አልሰጠም። በሁለተኛው ቀጠሮ «አልረዳኝም» ብሎ የሚጠፋ፣ የቤት ሥራውን ሳይነካ የሚመለስ ታካሚም ሕክምናውን አልሞከረውም። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት እንቅልፍ ያጣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ግን ዘዴ ሲመርጥ አይቆይ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ፣ ብቻውንም አይተውት።