ለቁርጥማትና ለጉልበት ሕመም የሚላከው መድኃኒት በእርግጥ ይሠራል?



ኢምባካሲ ለምንኖር ስደተኞች ከካኩማና ከዳዳብ ስልክ ሲደወልልን፣ ከሰላምታው በኋላ የሚከተለው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ለእናቴ የጉልበት መድኃኒት ፈልግልኝ።» «ያ ጎረቤታችን የተሻለው ዱቄት እዚያ ይገኛል አሉ።» ገንዘቡ በኤምፔሳ ይመጣል፤ እኛም ገዝተን በአውቶቡስ እንልካለን። ሰፈራችን ደግሞ ለዚህ ይመቻል። በፓይፕላይንና በካዮሌ መንገድ ዳር ሻጮች በድምፅ ማጉያ «ዳዋ ያ ማጎቲ» እያሉ፣ የጉልበት መድኃኒት ማለታቸው ነው፣ ጠርሙስና ዱቄት ይሸጣሉ። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚሁ ስለሆነ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የእንክብል ዕቃ አይጠፋም።

እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሰው ከራሽኑ ቀንሶ ሸጦ የላከውን ሺልንግ ይዤ ሻጩ ፊት ስቆም፣ ይህ ነገር ይሠራል ወይ ብዬ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። የጤና ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ፣ የተጻፈውንም እያነበብኩ ያገኘሁትን እነሆ።

ቁርጥማት አንድ በሽታ አይደለም

እኛ «ቁርጥማት» የምንለው ቃል ብዙ በሽታ ይሸከማል። ከዕድሜና ከሥራ ብዛት በሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ ጉልበት ያማል፤ ሲሄዱበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። በትልልቆቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው። ሪህ ሌላ ነው፤ በደም ውስጥ የበዛ አሲድ እንደ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት የእግርን አውራ ጣት አሳብጦ ያስጮኻል። የሰውነት መከላከያ ራሱ በመገጣጠሚያ ላይ ሲነሣ ደግሞ የሁለቱም እጆች ጣቶች ያብጣሉ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልታዘዝ ይላሉ። ያልፈላ የፍየል ወይም የግመል ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴላ በሚባል ተሕዋስ ሲያዝ ትኩሳትና ላብ ይዞት ወገቡንና መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ይህ ለብዙ ሳምንት በሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል እንጂ በቅባት አይነቃነቅም።

ታዲያ አንድ ጠርሙስ እንዴት ለእነዚህ ሁሉ ይሆናል? በካምፑ የሚበቅለውን ኒም የስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ሙአሮባይኒ» ይሉታል። ከአርባ ቁጥር የመጣ ስም ነው፤ አርባ በሽታ ያድናል ለማለት። አርባ በሽታ ያድናል የተባለን ነገር፣ የእኔን የትኛው ነው የምታድነው ብሎ መጠየቅ ግን ያስቸግራል።

ሁሉም «ሠራልኝ» የሚለው ለምንድን ነው?

ይህ ውሸት አይደለም፣ ሰዎቹም ሞኞች አይደሉም። የጉልበት ሕመም እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይወስድ እንኳ የሚቀጥለው ሳምንት ይቀለዋል። ምስጋናው ግን በዚያ ሳምንት ለተወሰደው ነገር ይሰጣል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውን ግሉኮሳሚን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 1,583 ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በየቡድኑ ተከፍለው ለ24 ሳምንት ተከታተሏቸው። አንዳንዶቹ ግሉኮሳሚን ዋጡ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሳያውቁት ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ዋጡ። ባዶውን ከዋጡት ከ100 ሰዎች 60 ያህሉ ሕመማቸው በደንብ ቀነሰ። ግሉኮሳሚን ከዋጡት 64 ያህሉ። በአጠቃላይ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ መድኃኒት ሠራ ለማለት «ተሻለኝ» መባሉ አይበቃም፣ ከባዶው እንክብል በልጦ መገኘት አለበት። (በነገራችን ላይ ግሉኮሳሚን በአብዛኛው የሚሠራው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት እነዚህን የማይቀምሱ ወገኖች ይህን ማወቅ አለባቸው።)

ከቤታችን ያሉት

የባሕል መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። አስፕሪን መነሻው በአኻያ ዛፍ ልጥ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ አገር ቤት በየወንዙ ዳር የምናውቀው አኻያ ወገን። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1899 ለገበያ አወጣው። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም ከአበባ ተክል የተገኘ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱም ታውቆ መሰጠቱ ነው።

ሙቀት ይረዳል። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው በዚያ መስፈራቸው የጀመራት ከተማ ናት፤ ሶደሬና ወንዶ ገነት የሚወርደውም ሕዝብ ዝም ብሎ አይደለም። ሙቅ ውኃ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ ሕመም ያስታግሣል። የሳሳውን ሽፋን ግን አይመልስም። ካምፕ ውስጥ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ማድረግ ይኸንኑ ያደርጋል። የስኳር ሕመምተኛ ግን እግሩ ሙቀት በደንብ ላይሰማው ስለሚችል ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርለት።

ቃሪያና በርበሬ የሚያቃጥልበት ካፕሳይሲን የተባለ ነገር በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ ጉልበት ላይ ሲቀባ ከባዶ ቅባት በልጦ ተገኝቷል፤ በየቀኑ ለሳምንታት ሲቀቡት ነው ውጤቱ የሚታየው። ይህ ማለት የወጥ በርበሬ ቀቡ ማለት አይደለም! ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ከነካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እርድና ዝንጅብል በአንዳንድ ጥናቶች መጠነኛ እፎይታ ሰጥተዋል፤ ጥቁር አዝሙድም ተስፋ የሚሰጡ ትንንሽ ጥናቶች አሉት። በሻይና በወጥ መጠቀም የሚጎዳ አይደለም፤ ለዚህ ብሎ የተለየ ውድ ዱቄት መግዛት ግን አያስፈልግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዋግምት፣ ሙስሊም ወንድሞቻችን ሒጃማ የሚሉት፣ ለጊዜው የሚያቀልላቸው ሰዎች አሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ምላጩ ነው። ከሰው ወደ ሰው የዞረ ምላጭ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል። ወጌሻም የደከመ ጡንቻ ሲያሽ ያሳርፋል፤ የቀላና የሚያቃጥል እብጠት ግን መታሸት የለበትም። የተሰበረ አጥንት በጥብቅ ታስሮ ደም ባለመድረሱ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አገራችን ውስጥ በየሆስፒታሉ ታይተዋል።

ስለ ጠበል የሚጠይቁኝ አሉ። የእምነት ነገር ነውና እኔ የምመዝነው አይደለም። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ለምዕመናን ተናግረው ነበር። ለመገጣጠሚያ መድኃኒትም ያው ይመስለኛል።

በሦስት ቀን የሚያስነሣው ዱቄት

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቅጠል ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በሁለት በሦስት ቀን ያበጠውን አሟሽሾ ተኝቶ የነበረን ሰው የሚያስነሣ «የተፈጥሮ» ዱቄት ወይም እንክብል ካጋጠማችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ተጠራጠሩ። በውስጡ ያልተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል።

ይህን ያልኩት ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «አርትሪ ኪንግ» እና «አርትሪ አጆ ኪንግ» ስለሚባሉ፣ ለመገጣጠሚያ የተፈጥሮ ማሟያ ተብለው ስለሚሸጡ እንክብሎች ደጋግሞ አስጠነቀቀ። በላብራቶሪ ሲመረመሩ በዕቃቸው ላይ ያልተጻፈ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኘባቸው። ጉበታቸው የተጎዳ፣ የሞቱም ሰዎች እንዳሉ ሪፖርት ደርሶት ነበር። አሜሪካ እንኳ እንዲህ ከሆነ ስምና አድራሻ በሌለው የመንገድ ዳር ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል?

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ሲያዝዘው ሕይወት ያድናል። ሳያውቁት ለወራት ሲወስዱት ግን መጀመሪያ ምግብ ያስወድዳል፣ ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ይሞላል። ሰው «አማረባት፣ ተመቻት» ይላል። ከውስጥ ግን ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይወድቃል። አንዲት የሰፈራችን እናት እንዲህ ያለ ዱቄት ስምንት ወር ወስደው ጉልበታቸው ተሽሏቸው ነበር፤ ክሊኒክ የሄዱት በውኃ ጥምና በሽንት ብዛት ነው። ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቶ ተገኘ።

እዚህ ላይ አደራ። እንዲህ ያለ ነገር ለሳምንታት የወሰደ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ በአንድ ቀን እንዳያቆም። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ ድንገት ሲቋረጥ ደም ግፊት ወርዶ ራስን መሳት፣ እስከ ሞትም ሊመጣ ይችላል። ዕቃውን ወይም የቀረውን ዱቄት በላስቲክ ይዛችሁ ወደ ካምፑ ክሊኒክ ሂዱ፤ «ይህን ወስጃለሁ» ብላችሁ ሳትፈሩ አሳዩ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስተዋችኋል። ከዱቄቱ ላይ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መደረብም ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

ገንዘብ የማይጠይቀው

ለጉልበት ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የማይሸጥ ነገር ነው፤ እንቅስቃሴ። «ጉልበቷ አልቋል፣ ትቀመጥ» የምንለው ጡንቻውን ያደክመዋል፣ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ጉልበትን አይደግፍም። ከወንበር ወይም ከአልጋ ጫፍ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ተቀምጦ አንድ እግር ቀጥ አድርጎ አምስት እስኪቆጥሩ መያዝ፣ ከዚያ ሌላውን። መጀመሪያ ትንሽ ያማል፣ ይህ አያስደንግጥ። ለውጡ የሚታወቀው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ክብደታቸው ለበዛ ደግሞ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል።

የውኃውን ነገርም አልረሳሁትም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በአሥር በአሥር ሊትር ቢያመላልሱ፣ ወይም ጎረቤት በጋሪ ቢያመጣላቸው፣ ከላክሁት ጠርሙስ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ልጆችን ለመጨረሻ ያቆየሁት አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ክርኑ እየተፈራረቀ ቢያብጥና ትኩሳት ቢኖረው ቅባት አትፈልጉለት። እንጥል ማስቆረጥም አይከላከለውም። ይህ በሽታ መገጣጠሚያውን ትቶ ይሄዳል፣ የልብን በር ግን ሊያበላሽ ይችላል። በጊዜ ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ተመልሶ እንዳይመጣ ይደረጋል፤ ለዓመታት የሚቀጥል ስለሆነ አንድም ቀን መዝለል የለበትም። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ የመርፌውን ቀን ለክፍል አስተማሪው ንገሩት፤ ከስም መጥሪያው ደብተር ጎን ጽፎ ያስታውሳችኋል።