«ምች»፣ «አመልካች» እና «ትንበያ»፦ ስለ ሦስት የሕክምና ቃላት አጠቃቀም

የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ከገባ ሰው ደም ተወስዶ የልቡ ሁኔታ የሚመረመርበት ዘዴ አለ። የዚህ ምርመራ ዓላማ በሽታውን ለይቶ ማወቅ አይደለም፤ በሽታው አስቀድሞ ታውቋል። የሚፈለገው ሕመሙ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል መገመት ነው። ይህን ጉዳይ በአማርኛ ለማስረዳት ስንነሣ ግን ከነገሩ ይልቅ ቃላቱ ያስቸግሩናል። ከዚህ በታች ሦስቱን እንመረምራለን።

1. ምች

«ምች» በሕዝቡ አነጋገር የቆየ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ላብ ያጠመቀው ወይም ከእሳት ዳር የተነሣ ሰው ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው «ምች መታው» ይባላል፤ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከንፈሩ ይቈስላል፤ ዳማ ከሴም ታሽቶ ይሰጠዋል። የሐኪሞቹ «የሳንባ ምች» ግን ሌላ ነው። ይኸውም በባክቴሪያ፣ በቫይረስ ወይም በሌላ ረቂቅ ተሕዋስ ምክንያት የሳንባ የአየር ከረጢቶች ተቈጥተው በፈሳሽ የሚሞሉበት በሽታ ነው። ስያሜው በሰፊው የተለመደ ስለ ሆነ ይለወጥ አንልም። ሆኖም «የሳንባ» የሚለው ዘርፍ ተጥሎ «ምች ነው» ብቻ የተባለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው በዳማ ከሴ የሚመለስ ሕመም መስሎት የሕክምናው ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ቃሉ በጽሑፍም ሆነ በንግግር ከነዘርፉ ይነገር እንላለን።

2. አመልካች

የሳንባ ምች ጉዳቱ በሳንባ ብቻ አይወሰንም። ኦክስጅን ሲያንስ፣ ትኩሳት ሲበረታና የሰውነት መቈጣት ሲስፋፋ ልብ ከወትሮው በላይ ይደክማል። ይህ ድካም በደም ውስጥ ዱካውን ይተዋል። ከዱካዎቹ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ትሮፖኒን ነው። ትሮፖኒን የጡንቻን መኰማተር ከሚቈጣጠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታወቀው በጃፓናዊው ሊቅ በሴትሱሮ ኤባሺ ጥናት ነው። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲጎዳ ትሮፖኒን ወደ ደም ይፈሳል፤ የዛሬዎቹ ረቂቅ መለኪያዎችም መጠኑን በናኖግራም፣ ማለትም በግራም ቢሊዮንኛ እጅ፣ ይለኩታል።

ሁለተኛው ቢ ኤን ፒ በሚል ምሕጻር የሚጠራው ናትሪዩሬቲክ ፔፕታይድ ነው። የልብ ግድግዳ በጫና ሲወጠር በተለይ የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ያመነጩታል፤ ተግባሩም ጨውና ውሃ በሽንት እንዲወጣ መርዳት ነው። የምሕጻሩ የመጀመሪያ ፊደል «አንጎል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ የተገኘው ከዐሳማ አንጎል ነበር። ኋላ ግን ዋናው ምንጩ ልብ መሆኑ ታወቀ። ይህ ለቃል አውጪ ትልቅ ትምህርት ነው። ስያሜውን ቃል በቃል ተርጕመን «የአንጎል» ብንለው ኖሮ፣ የተረጐምነው ዕውቀቱን ሳይሆን የግኝቱን አጋጣሚ በሆነ ነበር። ስለዚህ የንጥረ ነገሮቹን ስም እንዳለ ወስደን፣ የሚተረጐመው የወል ስማቸው ይሁን እንላለን።

ለወል ስሙ ሦስት ቃላት ይቀርባሉ። «ምልክት» የሚለው ሕመምተኛው ለሚሰማውና ሐኪሙ ለሚያየው፣ ለሳልና ለትኩሳት፣ አገልግሎት ላይ ውሏል። «ጠቋሚ» ለመጻሕፍት ማውጫ ቢስማማም፣ ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ የሚል ትርጉም ስላለው ጆሮ ይሻክራል። «አመልካች» በፍርድ ቤት አቤቱታ አቅራቢውን ቢያመለክትም፣ በሰዋስው «አመልካች ተውላጠ ስም» ስንል የሚያሳይ፣ የሚያመላክት ማለታችን ነው። እኛም በዚሁ ፍች «የልብ አመልካች» የሚለውን መርጠናል። አመልካች የሚያሳየው የልብን መጐዳት ወይም መወጠር እንጂ ምክንያቱን አይደለም። በመሆኑም «ትሮፖኒን ከፍ ብሏል» ማለት ሁልጊዜ «የልብ ደም ሥር ተዘግቷል» ማለት አለመሆኑን ጸሐፊ ሊዘነጋው አይገባም።

3. ትንበያ

ሐኪሞች የሳንባ ምችን ክብደት የሚመዝኑባቸው ስሌቶች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው አንዱ ስሌት አምስት ነገሮችን ይቈጥራል፦ የአእምሮ መደናገር፣ በደም ውስጥ ያለ ዩሪያ ከ7 ሚሊሞል በሊትር መብለጥ፣ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደም ግፊት ማነስ፣ ዕድሜ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲበዛ የመሞት ሥጋት ይጨምራል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የልብ አመልካቾቻቸው ከፍ ብለው የተገኙ ሕሙማንም ከሌሎቹ የበለጠ ሥጋት አለባቸው። ነገር ግን የኩላሊት ድክመት፣ የዕድሜ መግፋትና የቆየ የልብ ድካም መጠኑን ከፍ ስለሚያደርጉት፣ አመልካቹ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላው ምርመራ ጋር ይታያል።

ይህን ሥራ ምን እንበለው? «ምርመራ» ሰፊ ነው፤ «ልየታ» በሽታው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ «ግምት» ደግሞ ያለ ስሌት የተሰነዘረ አስተያየት ሊመስል ይችላል። «ትንቢት» ከቶ አይሆንም፤ የማይታጠፍ ቃል ነውና። ከዚያው ሥር የወጣው «ትንበያ» ግን በአየር ጠባይ ዘገባ ተገርቷል። ዝናብ ይጥላል ተብሎ ሳይጥል መዋሉን ሁሉ ያውቃልና፣ ቃሉ ስሌትንም ስሕተትንም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ «የሕመም ትንበያ» እንበል። ሕመሙ ለሚያበቃበት ሁኔታ ደግሞ «ውጤት» ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ይቀላቀላል፤ «ፍጻሜ» ሞትን ያስባል፤ «የሕመም መድረሻ» ግን መዳንንም ሞትንም እኩል ይሸከማል።

በመጨረሻም ቃላቱ የሚፈተኑት በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መሆኑን እናስታውሳለን። «ምርመራው አይተርፍም አለ» የተባለ ቤተ ዘመድ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። «የልብ አመልካቹ ከፍ ስላለ ትንበያው ብርቱ ክትትል ያስፈልገዋል ይላል» የተባለ ግን ከአልጋው አጠገብ ይቈያል። በሁለቱም ጊዜ ከላቦራቶሪ የመጣው ቍጥር ያው አንድ ነው።