አጭሯ የቀርከሃ መርፌና ወጥ ካልሲ

ሀምቡርግ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ከሠዓሊው በርትራም የሥዕል ቤት የወጣ የመንበር ሥዕል አለ። ድንግል ማርያም ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ሕፃኑ መጽሐፍ ዘርግቶ አጠገቧ ተጋድሟል፤ ሁለት መላእክት መስቀልና ጦር ይዘው ቆመዋል። በእጇ ያለው በዮሐንስ ወንጌል የተጠቀሰው ስፌት የሌለው እጀ ጠባብ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ሠዓሊው ሥራውን በደንብ ሳያይ አልቀረም፤ አንገቱን ዙሪያውን በአራት መርፌ ስትሠራ ነው ያሳያት።

ይህ አሠራር ዛሬም አልቀረም። በሁለቱም ጫፍ የሾሉ አራት ወይም አምስት አጫጭር መርፌዎች ይያዛሉ፤ የክሩ ቀለበቶች ለሦስቱ ወይም ለአራቱ ይከፋፈላሉ፤ በተረፈው ይሠራል። ጣጣው መርፌና መርፌ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ ክሩ ላላ ይላል። ያ የላላው ነገር ዙር በዙር ሲደራረብ፣ ከካልሲው አፍ እስከ ጣቱ የሚወርድ መሰላል የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል። ሥራው ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አንዱ መርፌ ሾልኮ ከወጣም የተሸከማቸው ቀለበቶች አብረውት ይተረተራሉ።

ሁለት የመርፌ ጫፎችን በሚተጣጠፍ ገመድ ማያያዝ ይህን ችግር ፈታው። አሜሪካ ውስጥ ለክብ መርፌ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ሥራውን ወደ ብዙ ሰው ቤት ያስገቡት ግን እንደ ኤልሳቤጥ ዚመርማን ያሉ መምህራን ናቸው። እንግሊዝ ተወልዳ ዊስኮንሲን የኖረችው ይህች ሴት፣ ክብ ሆኖ ሊሠራ የሚችልን ልብስ ቆራርጦ መስፋት ምን አስፈለገ ብላ በቴሌቪዥንም በመጻሕፍቷም ስታስተምር ኖራለች።

ክብ መርፌ ሁሉ ግን ለካልሲ አይሆንም። ዙሪያው 22 ሳንቲሜትር የሆነ እግር እንውሰድ። ካልሲው ከእግሩ አሥር በመቶ ያህል መጥበብ አለበት፤ አለዚያ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ 20 ሳንቲሜትር ይሁን። በቀጭን የካልሲ ክር 10 ሳንቲሜትር ላይ 32 ቀለበት የሚገባ ከሆነ፣ ለሙሉው ዙር 64 ቀለበት ያስፈልጋል። እነዚህ 64 ቀለበቶች ለባርኔጣ በሚሆነው የ40 ሳንቲሜትር መርፌ ላይ ቢደረደሩ ጫፍና ጫፉን አያገናኙትም፤ ጨርቁ በእጥፍ መለጠጥ ይኖርበታል። በአጭሯ የ23 ሳንቲሜትር ክብ መርፌ ላይ ግን ጥቂት ሳብ ብለው ዙሩን ይሞሉታል። ከዚያ በኋላ መርፌ መቀያየር የለም፣ የሚላላ መገናኛም የለም። ሠሪዋ ሁልጊዜ የምታየው የጨርቁን ፊት ስለሆነ ገልብጣ መሥራት ሳያስፈልጋት ለስላሳው ወገን በራሱ ይወጣል።

ለዚህች አጭር መርፌ ከብረት ይልቅ ቀርከሃ ይሻላል ባይ ነኝ። የመርፌዋ ውፍረት ሁለት ተኩል ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ቢረዝም 7 ሳንቲሜትር ነው። እንዲህ አጭር በሆነ ጫፍ ላይ ለስላሳ ብረት ቀለበቶቹን በቀላሉ ያሾልካቸዋል፤ ቀርከሃ ግን ያዝ ያደርጋቸዋል። ክብደቱ ቀላል ነው፣ በብርድም እጅ አያቀዘቅዝም። በአዊ ወይም በሲዳማ ደጋ ያደገ ሰው ቀርከሃ ሲሰነጠቅ አይቶ ይሆናል፤ ቃጫው ወደ ውጭው ቆዳ በተጠጋ ቁጥር ይጠቀጠቃል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሳሳል። ጥሩ መርፌም የሚወጣው ጥቅጥቅ ካለው ከውጭው ወገን ነው። በዚህ ሥራ ጃፓኖች ስም አላቸው፤ የኦሳካው ክሎቨር ‘ታኩሚ’ ብሎ የሚሸጣቸው መርፌዎች በብዙ አገር የክር መደብሮች ይገኛሉ። እርግጥ ከ2 ሚሊሜትር የቀጠነ ቀርከሃ ይሰበራል፤ እጁ ጠበቅ የሚያደርግ ሰው ለዚያ ውፍረት ብረት ቢይዝ ይሻለዋል።

ሲገዙ በመጀመሪያ ማየት ያለብዎ ገመዱ ከቀርከሃው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ነው። የአውራ ጣትዎን ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ ቀስ ብለው ይጎትቱት። ጥፍርዎን ያዝ ካደረገው እያንዳንዱን ቀለበትም ያዝ ያደርገዋል፤ በአንድ ካልሲ ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀለበቶች በዚያ ያልፋሉ። ገመዱ ተጠምዝዞ ከመጣ፣ ቀርከሃው ውኃ ሳይነካው ገመዱን ብቻ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክረው ቀጥ ማድረግ ይቻላል። ቁጥሩንም አይመኑ። በጃፓን አለካክ 1 ቁጥር 2.4 ሚሊሜትር ነው፣ በአሜሪካ 2.25፤ በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ደግሞ መርፌው በቀጠነ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። በሚሊሜትር ይግዙ።

እጅን ማልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ረጅም መርፌ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ይህቺ ግን በጣት ጫፍ ብቻ ስለምትያዝ መጀመሪያ ላይ ጣት ይዝላል። ጨብጦ መያዝ ድካሙን ያብሰዋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ይዞ፣ ቀለበቶቹን ወደ ጫፉ በጥቂት በጥቂቱ እየገፉ መሥራት ያዋጣል። አንዳንድ እጅ ጨርሶ አይስማማትም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ታግሎ ሊለምዳት አይገባም።

ሥራው ሲጀመር ጥንቃቄ የሚያሻው የመጀመሪያው ዙር የሚገጥምበት ጊዜ ነው። 64ቱ ቀለበቶች ከተጣሉ በኋላ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ የሁሉም ግርጌ ወደ ውስጥ መዞሩን በጣት እየዳሰሱ ማየት ነው። አንድ ቦታ ከተጠመዘዘ ጨርቁ በሙሉ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሄዶ ሄዶ ያለው መላ መተርተር ብቻ ነው። ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ክር ቢንጠለጠል ቆጠራ አይጠፋም።

ተረከዙ በዚያችው መርፌ በግማሹ ቀለበት፣ በ32ቱ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ይሠራል። ጣቱ ጋ ሲደረስ ግን አቅሟ ያበቃል። ቀለበቶቹ እየተቀነሱ ሃምሳ ገደማ ሲቀሩ ዙሩን መሙላት ያቅታቸዋል፤ የቀረው በእነዚያ በአራቱ አሮጌ መርፌዎች ይጨረሳል።

ለዚህ ነው በካልሲ ጀምሩ የማልለው። ለአራስ ልጅ ኮፍያ ከ23 ሳንቲሜትሯ ይልቅ የ30 ሳንቲሜትሯ ትመጥናለች፤ አናቱ ላይ ግን ያው መቀነስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዋጣው ጣት የሌለው የእጅ ማሞቂያ ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክር፣ 4 ሚሊሜትር የሆነች የ23 ሳንቲሜትር የቀርከሃ መርፌና 40 ቀለበት ይበቃሉ። ተረከዝ የለውም፣ የሚቀነስ ነገር የለውም። ለአውራ ጣት ማውጫ፣ አራት አምስት ሳንቲሜትር ያህል ዙሩን ከፍቶ ወዲያና ወዲህ መሥራት፣ ከዚያ መልሶ ገጥሞ መቀጠል ነው።