ዝንጅብል ውሃ ሳያጣ ለምን ይጠወልጋል?

በመቱና በአካባቢዋ በጓሮው ዝንጅብል የተከለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ዝናቡ ሳይጓደል፥ መሬቱ ሳይደርቅ፥ የዝንጅብሉ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጠወልጋል፤ በጥቂት ቀንም ቢጫ ይሆንና አገዳው ሲስቡት ከሥሩ ተላቆ ይመጣል። እኛ ቤት ይህ በሆነ ጊዜ የጠማው መስሎን ውሃ አጠጣነው። ውሃውም በሽታውን ይዞ ወደ ታችኛው መደብ ወረደ።

የነገሩ ምክንያት ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ዶማ በቈረጠው ወይም ትል በበላው ሥር ይገባል። ከዚያም ተክሉ ውሃ በሚስብባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እየተራባ ዝልግልግ ነገር ስለሚያወጣ ቧንቧዎቹ ይደፈናሉ። ስለዚህ ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሳለ ቅጠሉ በጥም ይሞታል። ይህንን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። የታመመውን አገዳ ቈርጦ ጫፉን በንጹሕ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወተት የመሰለ ክር ቀስ እያለ ይወርዳል።

ከኢሉባቦር በስተደቡብ በሸካ፥ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ባለበት በተፒ ዙሪያ ሳይቀር፥ በ2004 ዓ.ም. በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ገበሬ ማሳውን በሙሉ አጣ። ዝንጅብል ለገበሬው ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

እንዲህ የሚፈጥነው በዘሩ ምክንያት ነው። ዝንጅብል የሚተከለው ከራሱ ቁራጭ ስለሆነ፥ ባክቴሪያው ሲያዩት ጤነኛ በሚመስል ቁራጭ ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። ግማሹ ከሞተ መደብ የተረፈውን «ጠንካራ ቢሆን ነው የተረፈው» እያልን ለጎረቤት እናካፍላለን። ደግነት ነው፤ ነገር ግን ከገበያም ከጎርፍም ይልቅ በሽታውን አርቆ የሚያደርሰው ይኸው ዘር ነው።

አንዴ ከገባ የሚያድን መድኀኒት የለም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፥ ዶማውን አጥቦ በእሳት ማሳየት፥ ጎርፉን በቦይ ማስቀየስ ይረዳል። በዚያ መሬት ላይ ለጥቂት ዓመታት በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራ፤ ከመሬት ቀርቶ የሚበቅል ዝንጅብልም ይነቀል። ድንችና ቲማቲም፥ በርበሬም ቢሆን፥ የዚሁ ባክቴሪያ ምግብ ስለሆኑ አይተኩት። አዲስ ዘር መወሰድ ያለበት በሽታው ታይቶበት ከማያውቅ ማሳ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ጎረቤታችን የዝንጅብል ዘር ሊጠይቁ መጡ። ዘር ከልክላ የማታውቀው እናቴ ጥቂት አፍራ ቆየችና፥ «እትዬ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ የእኛ መሬት ታሟል። በቆሎ ልስጥዎት» አለቻቸው። እኔም ብርጭቆውን አምጥቼ አሳየኋቸው።